መርሳን የረሳው የሊግ መሰላል

በአገራችን እግር ኳስ ሦስተኛው እርከን ምን ተብሎ እንደሚጠራ ያውቃሉ? "አንደኛ ሊግ" ይባላል። ሁለተኛው ደግሞ "ከፍተኛ ሊግ" ነው። ከሁለቱ በላይ "ፕሪሚየር ሊግ" ተቀምጧል። እንግዲህ በስም ደረጃ ሁሉም አንደኛ፣ ሁሉም ከፍተኛ ነው፤ በአገራችን ዝቅተኛ የሚባል ነገር የለም! ስም ለማውጣት በጀት አይጠየቅበት!

ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ስቀን ባለፍነው። እስከ 2007 ዓ.ም. ሁለተኛው እርከን "ብሔራዊ ሊግ" ነበር። በ2008 ከፍተኛ ሊግ የሚባል አዲስ ፎቅ ከላዩ ላይ ተሠራበትና ብሔራዊው ሦስተኛ ሆነ። ቆይቶ ስሙ ተለውጦ "አንደኛ" ተባለ። ያን ጊዜ እታች የቀሩት ክለቦች በአንድ ቀን፣ በአንድ ስብሰባ፣ ከአናታቸው ላይ አንድ ተጨማሪ እርከን አገኙ። በሜዳ ላይ ተሸንፈው አይደለም፤ በወረቀት ላይ ነው። መሰላሉን የሚወጣው ሌላ፣ መሰላሉን የሚያረዝመው ሌላ መሆኑ የገባን ያኔ ነው።

"ምነው ጃል! አገር እንዲህ ሆና እያያችሁ ስለ ኳስ ትጽፋላችሁ? የፖለቲካው ጉድ አለቀባችሁ እንዴ?" የሚለን አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። አላለቀብንም። ግን ማን ወደ ላይ ይወጣል፣ ማን እታች ይቀራል፣ ሕጉን ማን ያወጣል፣ ሒሳቡን ማን ይከፍላል የሚሉት ጥያቄዎች የፖለቲካ ጥያቄዎች ካልሆኑ ፖለቲካ የሚባለው ምን እንደሆነ ይነገረን። ለወጣቱ ደግሞ ይህ ጥያቄ በፓርላማ አዳራሽ ሳይሆን በሜዳ ላይ ነው የሚቀርብለት። ስለዚህ ዛሬ ስለ ሊጉ መሰላል እንጽፋለን፤ የምናየውም ከላይ ሳይሆን ከታች፣ ከሰሜን ወሎ፣ ከመርሳ ሆነን ነው።

መርሳ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደሴ፣ በሐይቅ፣ በውጫሌና በውርጌሳ ያለፈ መንገደኛ ሁሉ ያውቃታል። ከመርሳ ስሪንቃን አልፎ ወልዲያ ለመድረስ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚቀረው። ጠዋት ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው ጉዳዩን ጨርሶ ለምሳ ቤቱ ይመለሳል። መንገዱ እንዲህ ቅርብ ነው። በሊጉ መሰላል ሲለካ ግን የመርሳ ልጅ ወልዲያ ካለው ትልቅ ስታዲየም ጋር ያለው ርቀት ከጨረቃ አይተናነስም።

እስቲ እንቁጠረው። አንድ የመርሳ ታዳጊ በትምህርት ቤቱ ወይም በሰፈሩ ሜዳ ላይ ይጫወታል። ታኬታው የእሱ ላይሆን ይችላል፤ ተለዋዋጭ ነው፤ አንዱ ሲወጣ ለገባው ያወልቅለታል። ከዚያ ለወረዳው ይመረጣል። ወረዳው በዞን ይወዳደራል። የዞኑ አሸናፊ በክልል ይወዳደራል። በክልሉ የቀናው ቡድን ከሌሎች ክልሎች ተወካዮች ጋር የክልል ክለቦች ሻምፒዮና በሚባለው ውድድር አንድ ከተማ ላይ ይገናኛል። እዚያ የቀናቸው ጥቂቶች ወደ አንደኛ ሊግ ይገባሉ፤ ማለትም ወደ ሦስተኛው። ከዚያ ከፍተኛ ሊግ አለ። ከዚያ ደግሞ ፕሪሚየር ሊግ። ስንት እርከን ሆነ? ወረዳ፣ ዞን፣ ክልል፣ ሻምፒዮና፣ አንደኛ፣ ከፍተኛ፣ ፕሪሚየር። ሰባት! ሰባተኛው ሰማይ ማለት ይሄው ነው።

እርከን መብዛቱ በራሱ ኃጢአት አይደለም። እንግሊዞችም ሦስተኛውን እርከን "ሊግ ዋን" ነው የሚሉት፤ ከሥሩ ያለው መሰላል ደግሞ ከእኛው ይረዝማል። ግን የእነሱ መሰላል ሰው ይሸከማል። ሌስተር ሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008/09 በዚያው ሦስተኛ እርከን ውስጥ ነበር፤ በ2016 የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ አነሳ። ሉተን ታውን እስከ 2014 ድረስ አምስተኛው እርከን ላይ ተዘፍቆ ቆይቶ በ2023 ፕሪሚየር ሊግ ገባ። ቅዳሜና እሑድ በየዲኤስቲቪ ቤቱ የሚሰባሰበው የእኛ ወጣት ይህን ታሪክ ከእኛ በላይ በቃሉ ይወጣዋል። የሉተን ሜዳ እኮ 12 ሺህ ያህል ሰው ብቻ የሚይዝ፣ በመኖሪያ ቤቶች መሐል የተወሸቀ አሮጌ ሜዳ ነው!

የወልዲያው ስታዲየም ስንት ይይዛል? 25,155! ከሉተን ሜዳ እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። በሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስም የተሰየመው ይህ ስታዲየም በእሳቸው ገንዘብ፣ ከ500 ሚሊዮን ብር በላይ ወጥቶበት ተሠርቶ በጥር 2009 ሲመረቅ ለወሎ ሕዝብ እውነተኛ ደስታ ነበር። ደስታውን አናጣጥለውም። ስጦታው ትልቅ ስጦታ ነው። ችግሩ ስታዲየም አንድ ሰው ሊያሠራው ይችላል፤ ሥርዓት ግን በስጦታ አይገኝም። ቤቱ ተሠርቶ መሰላሉ ተረሳ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የተባለው ይኸው ነው።

የወልዲያን ክለብ ታሪክ አስታውሱ። በ2006 የውድድር ዓመት መጨረሻ ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ። በ2007 ወረደ። በ2008 እንደገና አደገ። በ2009 ተረፈ፤ በ2010 ከአርባ ምንጭና ከኢትዮ ኤሌክትሪክ ጋር ተያይዞ ወረደ። ወጣ፣ ወረደ፣ ወጣ፣ ወረደ። ከ2010 ወዲህ ያ ባለ 25 ሺህ መቀመጫ ስታዲየም በስሙ የሚጠራ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ የለውም። በ2008 አብሮት ያደገው ፋሲል ከነማ ግን በ2013 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አንስቷል። ሁለቱም የአማራ ክልል ክለቦች ናቸው፤ በአንድ ዓመት፣ በአንድ በር ነው የገቡት። ጎንደር ከወልዲያ ትልቅ ከተማ ናት፣ ደጋፊዋም ብዙ ነው ቢባል እንቀበላለን። ነገር ግን ልዩነቱ የከተማ ስፋት ብቻ ነው ብሎ መደምደም ራስን ማታለል ነው።

ልዩነቱ የት እንዳለ ለማወቅ የቅርብ ዓመታትን ዝርዝር ማየት ይበቃል። በ2013 መጨረሻ አዲስ አበባ ከተማ፣ አርባ ምንጭ ከተማና መከላከያ አደጉ። አዲስ አበባ ከተማ በዓመቱ ተመለሰ፤ አርባ ምንጭ በሁለተኛ ዓመቱ ወረደ። በ2014 መጨረሻ ኢትዮ ኤሌክትሪክ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ኢትዮጵያ መድን አደጉ። ለገጣፎና ኤሌክትሪክ በዓመታቸው ወረዱ። በ2015 መጨረሻ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ሻሸመኔ ከተማና ሀምበሪቾ ዱራሜ አደጉ። ሻሸመኔና ሀምበሪቾ በዓመታቸው ተመለሱ።

የቀሩትስ? እዚህ ላይ ልብ በሉ! ንግድ ባንክ ባደገበት ዓመት፣ በ2016፣ ሻምፒዮን ሆነ። መድን በ2017 ሻምፒዮን ሆነ። ባንክና ኢንሹራንስ! ከኋላው ባንክ ወይም የመድን ድርጅት ያለው ክለብ ሲያድግ ዋንጫ ያነሳል፤ ከኋላው ከተማ ብቻ ያለው ሲያድግ የመልስ ቲኬቱን አብሮ ይቆርጣል። ኤሌክትሪክ ድርጅት ሆኖ ሳለ መውረዱን አንደብቅም፤ ገንዘብ ብቻውን ጎል አያገባም። ግን በከተማ ስም ያደጉት አምስቱም፣ አንዱ በሁለት ዓመት ሌሎቹ በዓመታቸው፣ ሲንከባለሉ ማየትና "አጋጣሚ ነው" ማለት አይቻልም። ሀምበሪቾን አስቡት። የዱራሜ ሕዝብ ያቺን ከተማ ፕሪሚየር ሊግ ድረስ ወሰዳት፤ መሰላሉ ደግሞ በአሥር ወር ውስጥ አውርዶ ጣላት።

እና ለመርሳ ልጅ ይህ ምን ይነግረዋል? "ብትወጣም ትወርዳለህ" ይለዋል። ከዚያ በፊት ደግሞ "መውጣቱን ራሱ ማን ይከፍልልሃል?" ብሎ ይጠይቀዋል።

በትክክል የሚያመው ይህ ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አንድ የወረዳ ቡድን በክልሉ ቀንቶት ወደ ሻምፒዮናው ተጠራ እንበል። ውድድሩ ሀዋሳ ተመደበ እንበል። ከመርሳ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ሀዋሳ ሲደመር ከ750 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። 20 ተጫዋች፣ 5 አሰልጣኝ፣ ወጌሻና አስተባባሪ ይሄዳል፤ በድምሩ 25 ሰው። ውድድሩ 15 ቀን ቢፈጅ 375 የአልጋ ሒሳብ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ቢበሉ 1,125 ሰሃን ምግብ ነው። ትራንስፖርት፣ ማልያ፣ የመመዝገቢያ ክፍያ፣ የሕክምና ወጪ ሲጨመርበት የአንድ ወረዳ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ዓመታዊ በጀት ከየት ይችለዋል? አልጋና እህል በዚህ ዘመን ስንት እንደገባ ለአንባቢ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው።

ይህ ሁሉ ወጪ ወጥቶ የዓመቱ ልፋት የሚዳኘው እንዴት ነው? በጥቂት ጨዋታ! ምድብ ይወጣል፣ ዕጣ ይጣላል፣ ከምድብ ያለፈ ጥሎ ማለፍ ይገባል። አንድ ጉዳት፣ አንድ የዳኛ ስህተት፣ አንድ የሳተ የፍፁም ቅጣት ምት የዓመት ልፋትን ገደል ይከተዋል። ሊግ ማለት እኮ ዓመቱን ሙሉ ማን እንደጠነከረ የሚታይበት ነው። የእኛ ታችኛው ሊግ ግን ጫፉ ላይ ሲደርስ ሎተሪ ይሆናል። ሎተሪው ደግሞ ቲኬቱ ውድ ነው፤ ደሀው ወረዳ ገና ሳይቆርጥ ይወጣል።

ታዲያ ደርሶ መልስ የሚባል የለም ወይ? ከ2013 ወዲህ ፕሪሚየር ሊጉ ራሱ ባሕር ዳር፣ ጅማ፣ ድሬዳዋ፣ ሀዋሳ፣ አዳማ እያለ በተመረጡ ከተሞች መካሄድ ለምዷል። መነሻው ኮሮና ነበር፤ ምክንያት ነበረው። ኮሮና ሄደ፤ ልማዱ ቀረ። ከታች ያሉት ሊጎችም ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። ለቴሌቪዥን ይመች ይሆናል፤ ለጸጥታም ይቀላል ይባላል። ነገር ግን የከተማ ክለብ በከተማው ካልተጫወተ ከተማው ምኑን ይደግፋል? በር ላይ ትኬት አይቆረጥ፣ ማልያ አይሸጥ፣ ሻይ ቤቱ አይጠቀም፣ ሆቴሉ አልጋ አያከራይ። ክለቡ ከሕዝቡ ኪስ ተነቅሎ ከከንቲባው ኪስ ጋር ተሰፋ። ከንቲባው ኳስ ከወደደ ክለቡ ይበላል፤ ከንቲባው ከተነሳ ክለቡም አብሮ ይነሳል። ይሄ ነው እንግዲህ "የሕዝብ ክለብ" የተባለው!

ከላይ ደግሞ ገንዘብ የለም እንዳይባል፣ አለ። በ2013 የፕሪሚየር ሊጉ የቴሌቪዥን መብት ለአምስት ዓመት 22.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጧል። የተጫዋች ደመወዝ ከአቅም በላይ ሆነ ተብሎ በ2011 ማብቂያ በወር ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ እስከ ማውጣት ተደርሶ ነበር። ጣሪያው ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው። እኛን ያስገረመን ለላይኛው ጣሪያ ሲወጣ ለታችኛው ወለል የሚያስብ አለመገኘቱ ነው። የሀብሩ ልጅ የሚጠይቀው 50 ሺህ ብር አይደለም። ለውድድር ሲሄድ የሚበላው፣ ሲጎዳ የሚታከምበት፣ ለመመለሻ የሚሳፈርበት ነው።

ሕጉስ? ሕጉ ቢያንስ የጸና ቢሆን በችግር ውስጥም ተስፋ ይኖር ነበር። በ2012 ኮሮና ሲገባ የሁሉም ሊጎች ውድድር ተሰረዘ፤ የወጣም የወረደም አልነበረም። የኮሮናን ጥፋት በማንም ላይ አናላክክም። ግን ያን ዓመት በየምድቡ ሲመሩ የነበሩት የታችኛው እርከን ክለቦች ልፋታቸው ከነላቡ ውሃ በላው። በ2013 ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት ሦስቱ የትግራይ ክለቦች ሊወዳደሩ አልቻሉም። ክፍተቱን ለመሙላት ውድድሩ ካበቃ በኋላ ሀዋሳ ላይ የማሟያ ጨዋታ ተዘጋጀ። ከፕሪሚየር ሊጉ ታች የነበሩት አዳማ ከተማ፣ ወልቂጤ ከተማና ጅማ አባ ጅፋር ከከፍተኛ ሊግ ከመጡት ጋር ተጫውተው ሦስቱም ባሉበት ጸኑ። በሜዳ ላይ ስለጸኑ በእነሱ አንፈርድም። የምንለው ሌላ ነው። "ቦታ ቢጎድል እንዴት ይሞላል?" የሚለው ጥያቄ መልሱ መጻፍ የነበረበት ዓመቱ ሲጀመር ነው ወይስ ሲያልቅ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆኖብን ቀረ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ሰሜን ወሎ የጦር ሜዳ ሆኖ የከረመ አገር ነው። በነሐሴ 2013 የሕወሓት ኃይሎች ወልዲያንና መርሳን ያዙ፤ ሕዝቡ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ በዚያ ሁኔታ ቆየ። ያንን ሳይረሳ በሐምሌ 2015 በክልሉ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል የተነሳው ውጊያ ተከተለ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ኔትወርክ ሲጠፋና ሲመጣ ኖረ። በዚህ መሐል ኳስ የሚጫወት ልጅ አለ ወይ? አለ! ሞልቷል! ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚውልበት ሜዳው ነው። ጠመንጃ ከሚያነሳ ኳስ ቢያነሳ የማይመርጥ ወላጅ በሁለቱም ወገን የለም። አንድን ወጣት ሜዳ ላይ የሚያቆየው ስብከት አይደለም፤ "ብትበረታ ታድጋለህ" የሚል የሚታመን ተስፋ ነው። መሰላሉ ሲሰበር የሚወድቀው ኳስ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ፌዴሬሽኑ "ጦርነት ባለበት እንዴት አወዳድራለሁ?" ቢል እውነት አለው። ማንም ሰው ዳኛና ተጫዋች ወደ ተኩስ ይላክ አላለም። ግን ሁለት ጥያቄ አለን። ጸጥታ በሌለበት አካባቢ ያለ ክለብ መወዳደር ሲያቅተው ደረጃው ይጠበቅለታል ወይስ በፎርፌ ይወርዳል? ከቤቱ ውጭ እንዲጫወት ሲታዘዝስ የአልጋውን ሒሳብ የሚከፍለው ማነው? ጦርነቱን ያልጀመረ ልጅ የጦርነቱን ደረሰኝ እንዲከፍል መደረጉ ፍትሕ አይደለም። ችግር የሚደርስበት ክለብ ዛሬ የወልዲያ ቢሆን ነገ የሌላው ነውና መልሱ ለአንድ አካባቢ የሚደረግ ውለታ ሳይሆን ለሁሉም የሚሠራ ደንብ መሆን አለበት።

የራሳችንንም ጉድ አንሸፍን። በኅዳር 2010 ወልዲያ ከመቀሌ ቡድን ጋር ሊጫወት በነበረበት ዕለት የተፈጠረውን ማንም አይረሳውም። ግጭት ተነሳ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ንብረት ወደመ፤ ጨዋታው ሳይካሄድ ቀረ። ያን ጊዜ ሜዳው የፖለቲካው ቂም ማራገፊያ ሆነ። ቂሙን የዘሩት ኳስ ተጫዋቾቹ አልነበሩም፤ ያጨዱት ግን እነሱና ደጋፊዎቻቸው ናቸው። ክለብን በብሔር ማልያ አልብሶ ወደ ሜዳ የሚልክ ሹም፣ ደጋፊውን በስድብ የሚቀሰቅስ አስተባባሪ፣ ሁለቱም ስታዲየሙን ከድንጋይ በላይ ይጎዱታል። ይህን የምንለው ለሁሉም ወገን ነው።

ሌላም አለ። ብዙ የታችኛው እርከን ክለቦች ቶሎ ለማደግ ሲሉ ከሌላ ቦታ ተጫዋች ያስመጣሉ፤ የአካባቢው ልጅ ተቀያሪ ወንበር ላይ ይሰለፋል። ክለቡ ሲያድግ ያስመጧቸው ይሄዳሉ፤ ሲወርድ ዕዳው ለአካባቢው ይቀራል። ወልዲያ 30 ኪሎ ሜትር ላይ መርሳ፣ ግራና፣ ስሪንቃ፣ ውርጌሳ እያሉላት ተጫዋች ፍለጋ ከአገር ጫፍ ጫፍ የምትዞር ከሆነ ያ ክለብ በከተማዋ ስም ይጠራ እንጂ የከተማዋ አይደለም። ከጓሮ ያለውን ዘር ትቶ እህል ከገበያ የሚሸምት ገበሬ ክረምቱን እንደማይዘልቀው ሁሉ ክለቡም አይዘልቅም።

"ገንዘብ የሌለው ለምን ይወዳደራል? አቅም ያለው ይውጣ፤ የሌለው ይቅር" የሚል ክርክርም ይሰማል። ይህ ክርክር ለንግድ ቤት ሊሠራ ይችላል። ነገር ግን ከላይ ያሉት ብዙዎቹ ክለቦች ራሳቸው የሚኖሩት በምንድነው? በከተማ አስተዳደር በጀት፣ በመንግሥት ባንክና በመንግሥት ድርጅት ገንዘብ ነው። ያ የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ የሀብሩ ገበሬ ግብርም አለበት። የሕዝብ ገንዘብ ላይኛውን ሲመግብ "ስፖርት ልማት"፣ ታችኛውን ሲመግብ "ብክነት" የሚባልበት ሒሳብ እኛ አልገባንም። የገባው ያስረዳን።

ማማረር ብቻ አንወድም። የሚደረገውም ይታወቃል።

አንደኛ፣ የማደግና የመውረድ ደንቡ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ታትሞ በየወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ይለጠፍ። ስንት ያድጋል? ስንት ይወርዳል? ነጥብ እኩል ቢሆን በምን ይለያል? ክለብ ቢጎድል እንዴት ይሞላል? ዓመቱ መሐል ላይ ቢቋረጥ ምን ይደረጋል? መልሱ በአንድ ገጽ ያልቃል። ከዚያ በኋላ በዓመቱ መካከል በስብሰባ የሚለወጥ አንቀጽ አይኑር።

ሁለተኛ፣ የታችኛው ሊግ ጸጥታው በሚፈቅድበት ሁሉ በቅርብ ለቅርብ፣ በደርሶ መልስ ይካሄድ። መርሳ ከወልዲያ፣ ወልዲያ ከቆቦ፣ ሐይቅ ከደሴና ከኮምቦልቻ ቢጫወቱ ቡድኑ በጠዋት ሄዶ በማታ ይመለሳል። 375 አልጋ የሚባለው ሒሳብ ይሰረዛል። ሕዝቡም ልጁን በዓይኑ ያያል፤ አሥር ብርም ቢሆን በር ላይ ይከፍላል። ወደ ላይ የሚያልፈው በ15 ቀን ዕጣ ሳይሆን በዓመት ነጥብ ይለይ።

ሦስተኛ፣ አገር አቀፍ ማጠቃለያ ግድ ከሆነ የጉዞና የመኝታ ወጪ ከጋራ ቋት ይውጣ። ከቅርብ የመጣውና 750 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የመጣው እኩል አልተወዳደሩም። ቋቱ ከቴሌቪዥን መብትና ከዝውውር ገቢ በሚቆረጥ ድርሻ ይሞላ። ፕሪሚየር ሊጉ ተጫዋች የሚያገኘው ከሰማይ አይደለም፤ ከእነዚሁ ሜዳዎች ነው። የሚያጠጣውን ምንጭ መጥረግ ውለታ ሳይሆን ግዴታ ነው።

አራተኛ፣ የወልዲያው ስታዲየም በሩ ለወረዳ ቡድኖች ይከፈት። የዞን ፍጻሜ፣ የትምህርት ቤቶች ውድድር፣ የሴቶች ቡድኖች ጨዋታ እዚያ ይካሄድ። ሣሩ ይጎዳል የሚል ካለ፣ ሣር ከልጅ አይበልጥም እንላለን። በዓመት ጥቂት ቀን እንኳ የመርሳ ልጅ በዚያ ሜዳ ላይ ቢሮጥ ስታዲየሙ ከሐውልትነት ወደ ስታዲየምነት ይመለሳል።

አምስተኛ፣ ክለቦቹ ከከንቲባ ጉልበት ተላቀው አባል ያለው፣ ሒሳቡን በየዓመቱ በአደባባይ የሚያሳይ ማኅበር ይሁኑ። ደጋፊው ጨፋሪ ብቻ ሳይሆን ባለቤት ይሁን። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ አበሉን ማን በላው የሚለውን የሚጠይቅ ጠቅላላ ጉባኤ ይኑር። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት በስፖርት ቤት ውስጥ መቆም አለበት።

ከእነዚህ ውስጥ ዶላር የሚጠይቅ የለም። ፈረንጅ አማካሪ የሚጠይቅም የለም። የሚጠይቀው ከላይ የተቀመጠው ሰው አንገቱን ዝቅ አድርጎ እንዲያይ ነው። ለነገሩ በአገራችን አንገት ዝቅ የሚለው ምርጫ ሲደርስ ብቻ ነው፤ ኳስ ተጫዋቹ ደግሞ ብዙው ለመምረጥ ዕድሜው አልደረሰም!

በቅርቡ አንድ ፎቅ ተጨምሮ፣ አንድ ስም ተለውጦ፣ ሦስተኛው "አንደኛ"፣ አራተኛው "ልዩ" ተብሎ ብንሰማ አንደነግጥም። ለምደነዋል። የመርሳ ልጅ ግን በስም አይጠግብም። እሱ የሚፈልገው ዛሬ ያገባት ጎል ነገ የት እንደምታደርሰው ማወቅ ነው። ይህን የሚነግረው አንድ የጸና ወረቀትና አንድ የማይወዛወዝ መሰላል ብቻ ነው።

ያቺ ከተማ ስሟ መርሳ ነው። ስሟ መርሳ ስለሆነ ግን እንድትረሳ ያዘዘ የለም።